በማርያም ዕለት ያየነው ቤት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። ረዳቱ "ዳንግላ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ ኮሶበር" እያለ ይጠራል። ኢንጅባራን በድሮ ስሟ ኮሶበር የሚሏት ዛሬም ብዙ ናቸው። ልጄን ማሕሌትን በመስኮት በኩል አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የያዝነው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስና ውኃ ነው። ከአንገቴ ባንጠለጠልኳት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ የማሕሌት ፓፍ አለ። ፓፍ የምንለው በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አስሙ ከያዛት አራት ዓመት ሆነ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ወደ ኢንጅባራ ተዛውሬ ሥራ የምጀምረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የማሕሌት አባት ልብስ ሰፊ ስለሆነ የተቀበለውን ጨርቅ ሁሉ ሰፍቶ እስኪያስረክብ አይንቀሳቀስም። ጥር ላይ ይከተለናል። እስከዚያ እኔና እሷ ብቻችንን ነን። እንግዲህ የመጣሁት ሰፈር ልመርጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲቀርበኝ፣ ከሥራዬም በእግር እንዲደረስ እፈልጋለሁ። የሌሊት ተራ ስገባ ልጄን አደራ የምላት ጎረቤትም ያስፈልገኛል። ከሁሉ በፊት ግን አየሩ ነው። ባሕር ዳር የምንኖረው አቧራ በማያጣው መንገድ ዳር ነው፤ ባለፈው ዓመት ማሕሌት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። ሐኪሟ "ጭስና ብናኝ ከሌለበት ቦታ ውሰጂያት፤ ሦስተኛው እንዲህ ቀላል ላይሆን ይችላል" ብሎኛል።

"መንገዱ ሰላም ነው?" አለ ከኋላችን የተቀመጠ ሰው።

"ትናንት ሰላም ነበር" አለ ሾፌሩ። "የዛሬውን አብረን እናየዋለን።"

አማተብን፤ ተነሣን።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ዳንግላ

ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን፤ መታወቂያ አሳየን። ሌላ ምንም አልገጠመንም፣ ተመስገን። ከመራዊ ወዲህ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ ኑጉ አብቧል፣ ጤፉ መጎምራት ጀምሯል። ማሕሌት መስታወቱን በእጅጌዋ እየወለወለች ጋሪ ትቆጥራለች።

ዳንግላ ላይ የባለቤቴ እህት ብርቱካን ከመናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ቁርስ ቤት አላት። ፉል በእንቁላል አቀረበችልን። ልክፈል ብላት የምጣዱን ጭልፋ አነሣችብኝ።

"ኮሶበር ምን አለ ብለሽ ነው?" አለችኝ። "ብርድና ድንች።"

"ሥራዬ አለ።"

"እዚሁ ዳንግላ ተከራይተሽ በሚኒባስ ተመላለሺ። ሰው እንዲያ ያደርጋል።"

"ሌሊት ምጥ ሲመጣስ? ሚኒባስ እስኪሞላ ልጠብቅ?"

ሣቀች። "እኔ እኮ የማውቅሽ ነኝ። አንቺ ቤት አይደለም የምትፈልጊው፤ ከታቦቱ ጋር አጥር ልትዋሰኚ ነው።"

"ቢገኝማ ምን እጠላለሁ?"

"በይ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ስትሳለሚ ልጅቷን ማን ያበላታል?" አለችና ለማሕሌት አራት አምባሻ በፌስታል ቋጠረችላት።

ወደ 5 ሰዓት፣ አዲስ ቅዳም

ከዳንግላ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ብርዱም ይጀምራል። አዲስ ቅዳም ስንደርስ የከሰል ጆንያ ከመንገዱ ዳርና ዳር ተደርድሯል፤ አፋቸው በሣር ተወትፎ በገመድ ታስሯል። ገበሬው ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ይተክላል፣ ያከስላል፣ በቦታው መልሶ ይተክላል። ብዙ ቤት የቆመው በዚህ ነው። ከዛፎቹ መሐል ሰማያዊ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። መስኮቱን ዘጋሁ፤ በነጠላዬ ጫፍ የማሕሌትን አፍንጫ ሸፈንኩ። ተሳፋሪው መስኮት በመዝጋቴ አልተከፋም። አንዲት ሴት እንዲያውም የራሷንም ዘጋች።

ከከተማው ስንወጣ ማሕሌት ደኅና ነበረች። ከሰሉን ከኋላችን የተውነው መሰለኝ።

ከሰዓት፣ ኢንጅባራ

ከመናኸሪያው የወሰደን ባለ ባጃጅ ይበልጣል ይባላል። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ቤት ማሳየትም አብሮ ይሠራል። "ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ደላላ ነው እዚህ፤ እኔ ግን ሐቀኛው ነኝ" አለን። ማሕሌት ሣቀች። ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለሚቀርበው ሰፈር ጠየቅኩት፤ ሁሉንም ሳይሰለች መለሰልኝ።

መጀመሪያ ያሳየን ቤት ከመጠጥ ቤት ጀርባ ነበር፤ አከራዩ ስለ ቤቱ ሲነግረኝ በሙዚቃው ምክንያት ግማሹን አልሰማሁትም። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፤ ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ማድ ቤቱም ከመኝታው ጋር አንድ ላይ። ጭሱ የት ይወጣል? ተውኩት።

"ነገ ማርያም ናት" አለ ይበልጣል። "ቅዳሴ ከወጣሽ በኋላ ከደብሩ በታች አንድ ቤት አሳይሻለሁ። እሱን ካልወደድሽው እኔም ሥራዬን እተዋለሁ።"

አልጋ ቤት አደርን። ሁለት ብርድ ልብስ ጨምረው ሰጡን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፤ የማርያም ዕለት

ቅዳሴው ላይ ገበሬውም፣ የከተማው ሰውም ነጭ በነጭ ሆኖ ግቢውን ሞልቶታል። ፈረሳቸውን ከውጭ ያሰሩ አሉ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በአገውኛ ቀስ ብለው ያወራሉ፤ ትርጉሙን ባላውቅም ድምፁ ደስ ይላል።

ቤቱ ከደብሩ በር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በኖራ ተቀብቷል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ማድ ቤቱ ለብቻው ነው። ግቢው በቀርቀሃ ታጥሯል። ከአጥሩ ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ቦታ አለ፤ ትልቅ በሩ ተቆልፏል። መጋዘን መሰለኝ። ከሥራዬ ሃያ ደቂቃ ነው። በሰፈሩ የርግብ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ደጃፉ ላይ ቆሜ ረጅም ትንፋሽ ሳብኩ፤ አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። ማሕሌትን "ሳቢ እስቲ" አልኳት። እሷም ሳበች።

የቤቱ ባለቤት እማማ ጠጄ ይባላሉ፤ ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው የወጡላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ቀኑ ጾም ስለሆነ ድንች ቀቅለው በበርበሬ አቀረቡልን። ሌሊት የምሠራ መሆኔን ስነግራቸው "እኔ ጋ ትተኛለቻ" አሉ፤ ማሰብም አላስፈለጋቸውም። ኪራዩ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው። ያን ጊዜ ልቤ ሞላ። ሁሉም ነገር በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ሳገኘው እግዚአብሔር ያዘጋጀው ነው አልኩ። ቦርሳዬን ከፍቼ ቀብዱን አወጣሁ።

እማማ ጠጄ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

"ዛሬ ማርያም ናት፣ ልጄ። በማርያም ቀን ውል አላስርም።"

"ሌላ ሰው ቀድሞ ቢወስድብኝስ፣ እማማ?"

"የሚወስደውም ነገ ነው የሚወስደው።"

"እባክዎ፣ ቀብዱን ብቻ ያስቀምጡልኝ።"

"ቀብዱም ውል ነው።"

አፈርኩ። በማርያም ዕለት ለልጄ የልብስ ቁልፍ እንኳ የማልተክል ሴት ገንዘብ ይዤ እከራከራለሁ። መልሼ ከተትኩት።

ማሕሌት በዚህ መካከል ከጓሮ ሮጣ መጣች። ሩጫና ብርድ ሲገናኙ ጥቂት ያስላታል። ፓፉን አንድ ጊዜ ሰጠኋት። እማማ ጠጄ ድንቹን መላጥ አቁመው ያዩአታል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ለትንፋሿ ነው። አስም አለባት።"

ከዚያ ድንቹን ላጡና ለማሕሌት ሰጡዋት። ስንወጣ እስከ በር ሸኙን።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነይ" አሉኝ። "አታርፍጂ። ሁለት ሰዓት።"

ማታ ለማሕሌት አባት ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

"ቤት አገኘሁ።"

"ተዋዋልሽ?"

"ነገ ነው።"

"ምን ያዘሽ?"

"ማርያም ናታ።"

"እንዳንቺ ያለች አከራይ ነው ያገኘሽው ማለት ነው" አለና ሣቀ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22፤ ጠዋት 2 ሰዓት

ባጃጇ ወደ ሰፈሩ ስትታጠፍ አንድ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። የቆርቆሮው አጥር ትልቅ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ከሰል ነው። ከገጠር በጋሪና በአህያ የመጣው ይራገፋል፤ ሴቶች በወንፊት ይነፉታል፣ ድቃቂውን ለይተው በአዲስ ጆንያ ይሞሉታል፣ ወንዶች መኪና ላይ ይወረውሩታል። ጆንያው በተወረወረ ቁጥር ጥቁር ብናኝ ቡን ይላል። ነፋሱ ይዞት በቀርቀሃው አጥር ላይ፣ ትናንት ረጅም ትንፋሽ በሳብኩበት ደጃፍ ላይ ያወርደዋል። የኖራው ግድግዳ ከጀርባ በኩል ግራጫ መሆኑን ትናንት አላየሁም።

ማሕሌት ማሳል ጀመረች። ከዚያ ደረቷ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አወጣ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

"ይበልጣል፣ አዙር" አልኩት። "ወደ ላይ ውጣ።"

ነገሩ ገባው፤ ምንም ሳይጠይቅ አዞረ። መቶ እርምጃ ያህል ርቀን ከዛፎች ሥር ቆምን። ፓፉን ሰጠኋት፤ ጀርባዋን ቀና አድርጌ ያዝኳት፤ ጥቂት ቆይቼ ደገምኩላት። ፉጨቱ እስኪቀንስ በልቤ ሰላም ለኪ እላለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከንፈሯ ደኅና ነበር፤ ቀለሙ አልተለወጠም። ከዚያ "እማዬ፣ አምባሻው ቀርቷል?" አለችኝ። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ይበልጣል ኮፍያውን አውልቆ ይዟል።

"እኔ እኮ..." አለ። "ስለ ውኃ ጠየቅሽኝ፣ ስለ መብራት ጠየቅሽኝ፣ ስለ ቅዳሴ ጠየቅሽኝ። ስለ ከሰል አልጠየቅሽኝም። እኔም እዚያው ስጭን ነው ያደግኩት፤ እንደ ነገር አይታየኝም።"

እውነቱን ነው። የቆርቆሮው በር ተቆልፎ ሳየው "ይህ ምንድን ነው?" የምትል አንዲት ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት በጤና ሥራ ላይ ቆይቼ የሠራተኛን ሰፈር የመረጥኩት ሠራተኛው ባረፈበት ቀን ነው። እኔው በዓል ላከብር ስሄድ እነርሱም በዓል ያከብራሉ ብዬ አላሰብኩም። በወንፊት የሚነፉትን ሴቶች ትናንት ቅዳሴ ላይ በነጭ ሳላያቸው አልቀርም።

እማማ ጠጄ መቋሚያቸውን ይዘው ሽቅብ ሲመጡ አየኋቸው። ባጃጇ ስትዞር ከበር ሆነው አይተዋል። መጡና መጀመሪያ የማሕሌትን ግንባር ዳሰሱ።

"አየሽው?" አሉኝ።

"አየሁት፣ እማማ።"

"ቤቱ ሦስተኛ ወሩ ነው ባዶውን። ትናንት ልነግርሽ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ደግሞ ይህች ኪራይም ታስፈልገኛለች። ዝም አልኩ።" ወደ ማሕሌት አዩ። "ያንን ነገር ስትስብ ካየኋት በኋላ ግን እንዴት አድርጌ ልቀበልሽ? ሲጭኑ መጥተሽ በዓይንሽ እይው አልኩ።"

"ለእሱ ነው ነገ ነይ ያሉኝ?"

"ለማርያምም ነው። ለሁለቱም ነው።"

እጃቸውን ሳምኩ። ቂም ብይዝ ኃጢአት ይሆንብኝ ነበር፤ የያዝኩትም የለም።

"አሁን ስሚኝ" አሉ። "ነፋሱ በዚህ ወር ከላይ ወደ ታች ነው። ከላይ፣ ባሕር ዛፉን አልፎ፣ አለነ የሚባል የቀርቀሃ ሠራተኛ አለ። እሱም ሚስቱም የጽዋ ማኅበርተኞቼ ናቸው። ከጎን ያለው ቤት የልጃቸው ነበር፤ ልጅየው ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ሄዷል። እኔ ላኩሽ በያቸው።"

"ከደብሩ ይርቃል?"

"ይርቃል" አሉ። "ምን ላድርግሽ?"

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከላይ ሰፈር

ባጃጅ እስከ መጨረሻው አይወጣም። የመጨረሻውን ዳገት በእግር ወጣን፤ ቀስ ብለን፣ ሁለት ጊዜ ተቀምጠን። ሰዓቴን እያየሁ ነው፦ ከሥራዬ አርባ ደቂቃ ይሆናል፣ ከደብሩ ሠላሳ አምስት። ውኃው ከሰፈሩ ቦኖ በጀሪካን ነው የሚቀዳው።

ጋሽ አለነ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀርቀሃ ይሰነጥቃሉ። ወንበር፣ ቅርጫት፣ የሕፃን አልጋ ዙሪያቸውን ሞልቶታል። ሚስታቸው እትዬ ደብሬ የማሕሌትን እጅ ይዘው ወዲያው የበግ ግልገል ሊያሳዩዋት ወሰዷት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ከታችኛው ያንሳል። ወለሉ አፈር ነው፤ ደልዳላና በአግባቡ የተለቀለቀ።

በዚህ ጊዜ ግን ዕለቱን ተጠቀምኩበት። ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው። ዙሪያውን ዞሬ አምስት በር አንኳኳሁ። "በሥራ ቀን እዚህ ሰፈር ምን ይሠራል? ከሰል ይወርዳል? እንጨት ይሰነጠቃል? ወፍጮ አለ?" እላለሁ። አንዱ ሰውዬ "ከማዘጋጃ ቤት ነሽ?" አለኝ። አንዲት ሴት "አረቄ ታወጣላችሁ?" ስላት በሩን ገርበብ አድርጋ "ለግብር ነው?" አለች። ለልጄ ትንፋሽ መሆኑን ስነግራት በሩን መልሳ ከፈተች። "ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው የማወጣው፤ ጭሱም ወደ ወንዙ ነው የሚወርደው። ነይ፣ እይ" ብላ ጓሮዋን አሳየችኝ። እውነትም ከቤቱ ርቆ ቁልቁል ነው።

ተመልሼ መጥቼ ጋሽ አለነን "አንድ ነገር ልለምንዎ" አልኳቸው። "ውሉን ሳናስር ከልጄ ጋር አንድ ሌሊት እንደርበት።"

ስንጠቃውን አቁመው አዩኝ።

"ቤት ነው ፈረስ?" አሉ። "ፈረስ ነው ተጋልቦ የሚገዛው።"

"ትናንት ሳልጋልብ ልገዛ ነበር፣ ጋሼ።"

የታችኛውን ቤት ነገር ነገርኳቸው። ከልባቸው ሣቁ። "ጠጄን በማርያም ቀን ብር ልታስቆጥሪያት? እኛ ማኅበርተኞቿ እንኳ በማርያም ቀን የጨው ብድር አንመልስላትም" አሉ። ከዚያ ተነሥተው አዲስ የቀርቀሃ አልጋ በጀርባቸው አዝለው ቤቱ ውስጥ አስገቡልን። "ይህ ለገበያ ነው፤ ዛሬ ተኙበት፣ አልጋውንም አብራችሁ ሞክሩልኝ።"

እትዬ ደብሬ ራት ሲጋብዙን የማሕሌትን ደረት ልብሷ ላይ ጆሯቸውን አስደግፈው አዳመጡ። ማንም አላዘዛቸውም። "አሁን ምንም የለም" አሉኝ። እንዴት እንደሚሰማ ሌላ ጊዜ አሳያቸዋለሁ፤ ፓፉንም እንዴት እንደሚሰጥ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከተነሣሁ በኋላ የምጽፈው ነው። ዓይኔን ስገልጥ በበሩ ስንጥቅ ፀሐይ ገብታ መሬቱ ላይ ተኝታለች። ደንግጬ ስልኬን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላል። ማሕሌት ወደ ግድግዳው ዞራ፣ አንድ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ተኝታለች። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። ትንፋሿ የሚሰማው ጆሮዬን በጣም ሳስጠጋ ብቻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሦስቴ አራቴ እየተነሣሁ ሳዳምጣት ነው የኖርኩት። ትናንት ሌሊት አንድም ጊዜ አልተነሣሁም።

ቀስቅሻት ዳገቱን ወረድን። ደብሩ ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው ጠበል እየተጠመቀ፣ እየጠጣ ይወጣል። እሑድ ቅዳሴ ያመለጠኝ በዕድሜዬ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያም በምጥ ምክንያት ነው። ከበሩ ተሳልሜ ቆምኩ።

እማማ ጠጄ ከሴቶቹ መካከል አዩኝና ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ላይ ስጋት አለ።

"ምነው ቀራችሁ? ልጅቷን አመማት?"

"አላመማትም፣ እማማ። ተኝተን ነው።"

"ሁለታችሁም?"

"ሁለታችንም።"

ከዚያ በጽዋቸው ከያዙት ጠበል መጀመሪያ ለማሕሌት፣ ቀጥሎ ለእኔ አጠጡን።

"በይ፣ ነገ ተዋዋይ" አሉኝ። "ዛሬ ሰንበት ነው።"